ማሳሂሳ ሳቶ፦ ከኢራቅ ሳማዋ እስከ ጃፓን ፓርላማ

ማሳሂሳ ሳቶ የቀድሞ የጃፓን ጦር ኮሎኔል ናቸው። የወታደር ልብሳቸውን አውልቀው ፓርላማ የገቡ ሲሆን፣ ሥራቸው በአብዛኛው በመከላከያና በአደጋ ጊዜ እርዳታ ላይ ያተኮረ ነበር። ጃፓኖች «ሪዛሙ አዛዥ» ይሏቸዋል። ስሙ የወጣላቸው ኢራቅ ሳሉ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመካከለኛው ምሥራቅ

ሳቶ በ1960 ፉኩሺማ ተወለዱ፤ በ1983 ከአገራቸው የመከላከያ አካዳሚ ተመረቁ። በ1996 በእስራኤልና በሶሪያ መካከል ባለው የጎላን ተራራ፣ በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተሰማራው የመጀመሪያው የጃፓን የትራንስፖርት ቡድን አዛዥ ሆኑ።

በ2004 ደግሞ ደቡብ ኢራቅ ሳማዋ የገባውን የመጀመሪያውን ቡድን መሩ። የጃፓን ጦር እዚያ የሄደው ለውጊያ አልነበረም። ውኃ ያጣራ፣ ትምህርት ቤትና መንገድ ይጠግን፣ ሐኪሞችን ይረዳ ነበር። በ2006 ጦሩ ከሳማዋ ሲወጣ በውጊያ የሞተበት አንድም ወታደር አልነበረም።

ፓርላማ ገብተው ምን ሠሩ?

የጃፓን ሕገ መንግሥት ጦርነትን ይከለክላል። በዚህም ምክንያት ውጭ የዘመተ ወታደር መሣሪያ መጠቀም የሚችለው ራሱንና አብረውት ያሉትን ለመከላከል ብቻ ነበር። ሳማዋን ይጠብቁ የነበሩት የኔዘርላንድ ወታደሮች ቢጠቁ፣ ጃፓኖቹ ሮጠው እንዲደርሱላቸው ሕጉ አይፈቅድም ማለት ነው።

ሳቶ በ2007 ከጦሩ ወጥተው በዚያው ዓመት በሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ በኩል ለላይኛው ምክር ቤት ተመረጡ። ብዙም ሳይቆዩ፣ ሳማዋ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማቸው ኖሮ ለእርዳታ ይሄዱ እንደነበር ተናገሩ። ይህ ብዙ ተቃውሞ አስነሳ። «አንድ አዛዥ እንዴት ከሕግ በላይ ይሆናል?» ያሉ የሕግ ባለሙያዎች ነበሩ።

በ2015 ሕጉ ሲሻሻል ሳቶ ከዋነኞቹ ተከራካሪዎች አንዱ ነበሩ። ሺዎች ፓርላማው ደጃፍ ተሰልፈው ቢቃወሙም ሕጉ ጸደቀ። በ2016 አዲሱ ሥልጣን መጀመሪያ የተሰጠው ለጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን ለዘመተው የጃፓን ቡድን ነበር።

አደጋ ሲደርስ

መጋቢት 11 ቀን 2011 የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ የሳቶን የትውልድ አካባቢ ፉኩሺማን ጭምር ሲመታ፣ ፓርቲያቸው ተቃዋሚ ነበር። ወደ 100,000 የሚጠጋ ወታደር ተሰማርቶ ከ19,000 በላይ ሰው አተረፈ። በጃፓን ሕግ ጦሩ ለአደጋ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የክፍለ አገሩ ገዥ ሲጠይቅ ነው፤ ጊዜ ከሌለ ግን ጥያቄ ሳይጠብቅ መውጣት ይችላል።

ሳቶ ከ2012 መጨረሻ እስከ 2013 በመከላከያ ሚኒስቴር፣ ከ2017 እስከ 2019 ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በምክትልነት ሠርተዋል። በ2013ና በ2019ም በድጋሚ ተመርጠዋል። ደጋፊዎቻቸው «ሜዳውን የሚያውቅ ሰው ሕግ ማውጣቱ ጥሩ ነው» ይላሉ፤ ተቺዎቻቸው በበኩላቸው አገሪቱን ቀስ በቀስ ወደ ጦርነት ያስጠጋል ብለው ይሰጋሉ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።