የአሜሪካ የአካል ጉዳት ክፍያ

የአሜሪካ የአካል ጉዳት ክፍያ በሕመም ወይም በጉዳት ምክንያት መሥራት ለማይችሉ ሰዎች የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በየወሩ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። ክፍያው ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ ሁለቱንም የሚያስተዳድረው የሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር ነው። ኤስኤስዲአይ (የአካል ጉዳት መድን) እ.ኤ.አ. በ1956 በፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር ፊርማ ሕግ ሆነ። ኤስኤስአይ (ተጨማሪ የዋስትና ገቢ) በ1972 ታውጆ ክፍያው በ1974 ተጀመረ።

የሁለቱ ልዩነት

ኤስኤስዲአይ የሚከፈለው ከደመወዙ የሶሻል ሴኩሪቲ ግብር ሲቆረጥበት ለነበረ ሠራተኛ ነው። በዓመት እስከ 4 የሥራ ነጥብ ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ 40 ነጥብ፣ ከዚህም ውስጥ 20ው ባለፉት 10 ዓመታት የተገኘ መሆን አለበት፤ ለወጣቶች ያነሰ ይበቃል። አሜሪካና ኢትዮጵያ የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ስለሌላቸው በኢትዮጵያ የተሠራ ሥራ በዚህ ነጥብ ውስጥ አይቆጠርም።

ኤስኤስአይ የሥራ ነጥብ አይጠይቅም። የሚሰጠው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አካል ጉዳተኞች፣ ዓይነ ስውራንና 65 ዓመት ለሞላቸው ነው። የንብረት ጣሪያው ለአንድ ሰው 2,000፣ ለባልና ሚስት 3,000 ዶላር ሲሆን፣ የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም። ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ዜግነት እስኪያገኙ ድረስ በአጠቃላይ ከ7 ዓመት በላይ ሊቀበሉ አይችሉም።

ብቁነት

አዋቂ አመልካች ሕመሙ ቢያንስ 12 ወር የቆየ ወይም ሊቆይ የሚችል፣ አለበለዚያም ለሞት የሚያደርስ መሆን አለበት። ሕጉ ለከፊል ወይም ለአጭር ጊዜ ጉዳት አይከፍልም። የሕመሙ ስም ብቻውን አይበቃም፤ አመልካቹ የቀድሞ ሥራውንም ሆነ ሌላ ሥራ መሥራት ይችል እንደሆነ ይመረመራል። በ2025 በወር ከ1,620 ዶላር (ዓይነ ስውር ለኤስኤስዲአይ ሲያመለክት ከ2,700 ዶላር) በላይ ሠርቶ የሚያገኝ ሰው በአብዛኛው መሥራት እንደሚችል ይቆጠር ነበር።

ማመልከቻ

ማመልከቻ በኢንተርኔት፣ በስልክ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ቅርንጫፍ ይቀርባል። የልደት ማስረጃ፣ የሐኪሞችና የሆስፒታሎች አድራሻ፣ የመድኃኒት ዝርዝርና ያለፉት 5 ዓመታት የሥራ ታሪክ ይጠየቃል። አስተርጓሚ ለሚፈልግ መሥሪያ ቤቱ በነፃ ያቀርባል። የሕክምናውን ማስረጃ የሚመረምረው የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ነው።

ብዙ ማመልከቻዎች በመጀመሪያው ዙር ውድቅ ይደረጋሉ። ውሳኔው ከደረሰ በኋላ ይግባኝ ለማለት 60 ቀን ይሰጣል። ደረጃዎቹ ዳግም ምርመራ፣ በአስተዳደር ዳኛ ፊት መቅረብ፣ የይግባኝ ጉባኤ እና የፌዴራል ፍርድ ቤት ናቸው። ይግባኝ ሳይሉ ቀኑን አሳልፎ እንደ አዲስ ማመልከት የቀድሞውን የማመልከቻ ቀን፣ ከርሱም ጋር ውዝፍ ክፍያን ሊያሳጣ ይችላል።

የክፍያው መጠን

የኤስኤስዲአይ መጠን የሚወሰነው በጉዳቱ ክብደት ሳይሆን ቀደም ሲል በተገኘው ደመወዝ ነው። በ2025 ጉዳት ለደረሰበት ሰው ከተስተካከለ አማካይ የወር ገቢው የመጀመሪያው 1,226 ዶላር 90 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 7,391 ዶላር ያለው 32 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 15 በመቶ ይታሰባል። ለምሳሌ አማካይ ገቢው 3,000 ዶላር የሆነ ሰው ከመጀመሪያው 1,103.40፣ ከቀሪው 1,774 ዶላር ደግሞ 567.68 ያገኛል፤ በወር 1,671 ዶላር ይሆናል።

ጉዳቱ ከጀመረ በኋላ ያሉት 5 ሙሉ ወራት አይከፈልባቸውም። ክፍያ ማግኘት ከተጀመረ ከ24 ወር በኋላ የሜዲኬር የጤና መድን ይከተላል።

የኤስኤስአይ ከፍተኛው የፌዴራል ክፍያ በ2025 ለአንድ ሰው 967፣ ለባልና ሚስት 1,450 ዶላር ነበር። ሌላ ገቢ ሲኖር ይቀነሳል፤ ሆኖም የመጀመሪያው 20 ዶላር አይቆጠርም። በ2025 በወር 400 ዶላር ኤስኤስዲአይ ለሚያገኝ ሰው 380ው ተቀንሶበት 587 ዶላር ኤስኤስአይ ይጨመርለት ነበር። ከሥራ በሚገኝ ገቢ ላይ ደግሞ ተጨማሪ 65 ዶላርና የቀሪው ግማሽ አይቆጠሩም። የገቢ ለውጥን በጊዜው ያላሳወቀ ሰው በትርፍ የተከፈለውን እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል።