የቀዛፊው ልጅና ሳልሞኑ

በስኮትላንድ ሕግ፣ ሳልሞን የተባለውን ዓሣ ከወንዝ የማጥመድ መብት ራሱን የቻለ ርስት ነው። ጥንት ከዘውድ የተሰጠ ስለ ሆነ፣ ከመሬቱ ተለይቶ ይሸጣል፤ ይወረሳልም። የወንዙ ዳር ባለመሬት እንኳ ይህ መብት ከሌለው ሳልሞኑን ማጥመድ አይችልም። ለእኛ ጆሮ እንግዳ ነገር ነው!

በቴይ ወንዝ ዳር ያለው የግሌንደልቫይን ርስት ጌታ ሰር አሌክሳንደር ላይል ነበረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኦክቶበር 7 ቀን 1922፣ የርስቱ ቀዛፊ ልጅ ወይዘሪት ጆርጂና ባለንታይን ከአባቷ ጋር በጀልባ ሳለች፣ ሊመሽ ሲል አንድ ሳልሞን መንጠቆዋን ያዘ። ሁለት ሰዓት ያህል ስትታገለው ጨለመ። በመጨረሻ ወጥቶ ቢመዘን 64 ፓውንድ፣ ማለት 29 ኪሎ ሆነ። በብሪታንያ በዘንግ ከተያዘው ሳልሞን የሚበልጠው እስከ ዛሬ አልተመዘገበም፤ በመዝገቡም የሰፈረው የጌትዮው ሳይሆን የእርስዋ ስም ነው። ዓሣው በፐርዝ ከተማ ለሚገኘው ሆስፒታል ተሰጠ።