ከመለየት ወደ ማየት፦ ሥዕለ አድኅኖና የሙዚየም ጉብኝት በስድስት ኪሎ

ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ከያዛቸው ስብስቦች መካከል ሥዕለ አድኅኖዎቹ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳ ላይ በጄሶ መደብ ተቀብተው ለጸሎትና ለስግደት ያገለግሉ የነበሩት ቅዱሳት ሥዕላት፣ ሥዕልን አይቶ የማጣጣም ችሎታ እንዴት እንደሚዳብር ለመመርመር እጅግ የተመቹ ናቸው። ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ጎብኚ እንግዳ አይደሉም፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ጎብኚው ከሰሌዳው ፊት እንደቆመ ድንግል ማርያም ልጇን ታቅፋ ወይም ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ ይለያል፤ ከለየ በኋላም ማየቱን ይተዋል። የውጭ አገር ጎብኚ ታሪኩን ባለማወቁ የሚያጣውን፣ የአገሩ ሰው በማወቁ ያጣዋል ማለት ይቻላል።

ጄፍሪና ሊሳ ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ጥናት፣ ጎብኚዎች በአንድ ሥራ ፊት በአማካይ 27 ሰከንድ ያህል እንደሚቆዩ፣ ከተመዘገቡት ምልከታዎች ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከ17 ሰከንድ እንዳልበለጡ አሳይቷል። ይህ ጊዜ ባለታሪኩን ለመለየትና ከጎኑ የተለጠፈውን መግለጫ በጨረፍታ ለማንበብ ይበቃል፤ ቀለሙ እንዴት እንደተደረበ፣ መስመሩ የት ወፍሮ የት እንደቀጠነ ለማስተዋል ግን አይበቃም።

ዓይንን ከዚህ ችኮላ የሚያላቅቀው ንጽጽር ነው። የተሳለው ታሪክ አንድ ሆኖ አሳሳሉ ሲለያይ፣ ማን እንደተሳለ መጠየቅ ፋይዳ ስለሚያጣ፣ ተመልካቹ እንዴት እንደተሳለ ወደ መጠየቅ ይሸጋገራል። ለዚህ በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ካለው ሥዕል የተወረሰው የድንግል ማርያም አሳሳል ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ አሳሳል ማርያም ልጇን ታቅፋ እጆቿን ታጣምራለች፤ የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ወደ ታች ትዘረጋለች፤ በግራዋ መሐረብ ትይዛለች። ቅጂውን ወደ ኢትዮጵያ ያስገቡት ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በዐፄ ፋሲል ዘመን ከአገር ሲባረሩ አሳሳሉ ግን ቀርቷል፤ የአገሩ ሠዓልያንም ሰይፍ የመዘዙትን ሚካኤልንና ገብርኤልን ግራና ቀኝ አቁመው የራሳቸው አድርገውታል።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተለመደውና ቀዳማዊ የጎንደር አሳሳል በሚባለው ስልት ፊት ያለ ጥላ በጠራ መስመር ተከብቦ ይሳላል፤ ቀለሙም ደማቅና ዝርግ ነው። በዐፄ ኢያሱ ዳግማዊና በእናታቸው በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ባበበው ዳግማዊ የጎንደር አሳሳል ግን ጉንጭና አንገት በጥላ ይሞላሉ፤ ልብሱ በአበባ ጥለት ያጌጣል፤ መደቡ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ እየደበዘዘ ይሸጋገራል፤ ከማርያም እግር ሥርም ሥዕሉን ያሠራው ሰው ብዙ ጊዜ በግንባሩ ተደፍቶ ይታያል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ጥላን መጠቀም የሠዓሊው ምርጫ መሆኑን ስለሚረዳ፣ ያለ ጥላ የተሳለው ፊት ያልበሰለ ነው የሚለው፣ ከአውሮፓ የሥዕል ትምህርት የተወረሰው ፍርድ መሠረት ያጣበታል።

ሙዚየሙ በአንጻሩ የሚያስቀረው ነገርም አለ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ የሰጡት የማርያም ሥዕል፣ በመጋረጃ ተሸፍኖ በጸሎት ሰዓት የሚገለጥ እንጂ ቀን ሙሉ የሚታይ አልነበረም። ብዙዎቹ ሰሌዳዎች ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ክንፍ በመሆናቸው እንደ መጽሐፍ ይከደናሉ፤ ትንንሾቹ በአንገት ይንጠለጠላሉ። ከመስታወት በስተጀርባ ዘወትር ተከፍተው ሲቀመጡ ይህ መገለጥና መከደን ይጠፋል፤ ስለሆነም የክንፎቹን ማጠፊያና የማንጠልጠያውን ቀዳዳ የሚያሳይ አስጎብኚ ዓመተ ምሕረት ከሚደረድረው የተሻለ ያስተምራል።

ከዚያው አካባቢ ሳይርቅ፣ ተቋሙ በሚገኝበት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማእከል ይገኛል። በጀርመኗ ኮሎኝ ተምሮ የተመለሰው ገብረ ክርስቶስ (እ.ኤ.አ. 1932–1981) ስቅለትን ርዕሱ ባደረገው «ጎልጎታ» ለተመልካቹ የሚለየው ነገር ትቶለታል፤ በረቂቅ ሥዕሎቹ፣ ማለትም የታወቀ ነገር ምስል በማይታይባቸው ሥራዎቹ ግን ይህንንም ነሥቶታል። በሥዕለ አድኅኖ ፊት የሠለጠነ ዓይን መስመርንና ቀለምን መከታተል ቢያውቅም፣ እዚህ የሚያነጻጽርበት የጋራ ታሪክ ስለማያገኝ የአንዱን ሥዕል ክፍሎች እርስ በርሳቸው ለማነጻጸር ይገደዳል። ይህ ከባዱ ልምምድ ነው፤ ሆኖም ተማሪዎችን የሚያስጎበኝ መምህር ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚሄደውን የተለመደ ቅደም ተከተል ገልብጦ ከረቂቁ ሥዕል ቢጀምር፣ ተማሪዎቹ ወደ ሥዕለ አድኅኖው ሲመጡ ከባለታሪኩ በፊት የመደቡን ቀለም የማየት ዕድላቸው ሰፊ ይሆናል።