ማግኔቱ ያልያዘው ቦታ

ስሙኝማ! አጎቴ ግቢ ውስጥ ስለቆመችው መኪና ልንገራችሁ። ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፤ ነጠላ ጋቢና፣ ባለ 2,400 ሲሲ የናፍጣ ሞተር፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ አጋማሽ የተሠራች። ጃፓኖች ሃይሉክስን ማምረት የጀመሩት በ1968 ነው፤ ይቺ የአራተኛው ትውልድ ናት። ነገሩ የሆነው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ይህን ያዙልኝ፤ ቀለሙ ላይ ስንደርስ ብርዱ ራሱ ይመጣል።

መኪናዋ ገብስ ጭናለች፣ ድንች ጭናለች፣ ሙሽራም ጭናለች። ከሁሉ በላይ ግን በግ ጭናለች። በግ መንገድ ላይ ይሸናል፤ ሽንቱ ደግሞ ጨው አለበት፣ ካልታጠበ ላሜራ ይበላል። የስፖንዳው ወለል በዚህ ተበሳስቷል፣ የበሮቹ ግርጌ ቀለሙ አብጧል።

«ጋሼ፣ ቀለም ብቻ ያስቀቧት፤ አዲስ ትሆናለች» ይላቸዋል ያየ ሁሉ። አጎቴ ጋሼ መልስ አይሰጡም። ከተበላሸ ስፒከር የነቀሏትን ማግኔት ከኪሳቸው አውጥተው በበሩ ላይ ያንሸራትታሉ። መሐሉ ላይ ጥብቅ፤ ግርጌው ላይ ስትደርስ ዱብ! ብረት ከሆነ ለምን አልያዘም? ስቱኮ ነዋ! ከእሳቸው በፊት የነበረ ባለቤት ዝገቱን ሳያነሳ በስቱኮ ደፍኖ፣ በላዩ ቀለም አስረጭቶ ሸጧታል።

እኔ እንዲህ ያለውን ሥራ ጥገና ብዬ ለመጥራት አፌ አይታዘዝም። ስቱኮ ዝገት ላይ ሲለጠፍ ዝገቱ አይቆምም፤ ርጥበቱን እዚያው አምቆ ከሥር መብላቱን ይቀጥላል፣ ላዩ ግን ያበራል። ጋሼ ማግኔቷ የወደቀችበትን ሁሉ በጠመኔ ከበቡት። ሲጨርሱ መኪናዋ ላይ ያልተከበበው ቦታ ጥቂት ነበር።

በሩ ሲቆረጥ ከውስጡ ደረቅ ጭቃ ተዘረገፈ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በመስታወቱ ጥግ እየወረደ በር ውስጥ ውሃ መግባቱ አይቀርም። ለዚህ ነው ፋብሪካው ከሥር የመፍሰሻ ቀዳዳ የሚተወው። አቧራና ቅጠል ሲደፍኑት ውሃው ይተኛል፣ ብረቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ከውጭ ቀለሙ አብጦ ስታዩ ውስጡ ካለቀ ቆይቷል። መኪና ያላችሁ፣ እባካችሁ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ጎርጉሯቸው።

ለብየዳው ባትላሜራ የሚሠራ ወዳጃቸው መጣ። ከዚያ በፊት ግን ባትሪው ተፈታ፣ የነዳጅ ጋኑም ወርዶ ራቅ ተደረገ፤ ባዶ ጋን ውስጥ የቀረ እንፋሎት ይፈነዳልና «ናፍጣ ምን ይሆናል» ማለት አያዋጣም። የበሰበሰው ሁሉ ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ተቆረጠ። ሰውዬው አዲሱን ላሜራ ሲበይድ እዚህ አንድ ነጥብ፣ ወዲያ ራቅ ብሎ ሌላ ነጥብ እያደረገ ነው። አንድ ቦታ ላይ ከቆየ ቀጭኑ ላሜራ በሙቀት ይጣመማል። አንደኛው ፓራፋንጎ ግን የሚተርፍ አልነበረም፤ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ አሮጌ ሆኖም ዝገት ያልነካው ተገዛ።

ሞተሩንና ፍሬኑን ቶሎ ልለፋቸው፤ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ። የታይሚንግ ቺንጋዋም ተቀየረች፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የምትቀየር ናት፣ ከተበጠሰች ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ።

አሁን ስቱኮው መጣ። ጋሼ ስቱኮ የሚጠሉ እንዳይመስላችሁ! ጥላቻቸው ካለቦታው መግባቱ ነው። ጤነኛ ብረት ላይ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር ሳይወፍር ተቀባ። ለመቶ ግራም ስቱኮ ማጠንከሪያው ሁለት ግራም ገደማ ነው፤ በብርድ መድረቁ ቢዘገይም ጨምሩበት አይባልም። ውሃ ስለሚመጥ በደረቁ ይታሻል፤ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ተጀመረ፣ ወደ 180፣ ወደ 320 ታለፈ። ትንሿ ልጃቸው ዓይኗን ጨፍና በመዳፏ ትዳብሳለች። «አባዬ፣ እዚህ ጋ ጎድጉዷል» ስትል ዓይን ያላየውን ጉድጓድ ነው የምታሳያቸው።

ቀለሙ ነጭ ይሁን ተባለ፤ ሊብሬው ላይ የተጻፈው ነጭ ነውና። ግን የቱ ነጭ? የጋቢናው ውስጥ አይቀባም፣ በዘመን ብዛት ወደ ክሬም አዘንብሏል። ጋሼ ከውስጥ አንዲት የብረት ክዳን ፈትተው ቀለም ቤት ወሰዱ፤ ቀያጩ ጠብታ በጠብታ እየጨመረ ፀሐይ ላይ እያወጣ አመሳሰለው። ማጠንከሪያ የሚገባበት ቀለም ይበልጥ እንደሚበረታ ያውቃሉ። ግን ሲረጭ የሚወጣው አይሶሳይኔት አስም ያስይዛል፣ የጨርቅ ጭምብል አያግደውም። ግቢው ውስጥ ልጆች አሉ፤ ማጠንከሪያ የማያስፈልገውን ናይትሮ መረጡ።

ብርዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ወሩ ኅዳር ነው፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። ናይትሮ ቶሎ ይተናል፤ ሲተን ላሜራውን ያቀዘቅዛል፣ የአየሩ ርጥበት ቀለሙ ላይ ያርፍና አደብዝዞት ይቀራል። ስለዚህ ጋሼ ፀሐይዋ ላሜራውን እስክታሞቀው ጠበቁ። አቧራ እንዳይነሳ ግቢው ውሃ ተረጨ፣ ዶሮዎቹ ተዘጉ፣ በላሜራው ላይ ቀድሞ የተቀባው አንቲረስት ደርቋል። ኮምፕሬሰሩ ተነሳ! መርጫው ከላሜራው አንድ ስንዝር ርቆ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ እጃቸው ከመኪናዋ ጠርዝ ሳያልፍ አይቆምም። የመጀመሪያው ስስ ነው። ከዚያ መጠበቅ፤ ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው።

ሲመሽ ባለቤታቸው እትዬ የደብረ ብርሃንን ብርድ ልብስ ታቅፈው ብቅ አሉ፤ ውርጭ እንዳያገኛት ብለው ነው። «ተይ፣ ጠጉሩ ይለጠፍባታል!» ብለው ጋሼ ሮጡ፤ መኪናዋ ተገፍታ ጋጣው ጣራ ሥር ገባች።

የተረፈውን ቀለም በጠርሙስ ከድነው አስቀምጠውት ነበር፤ ያን ነጭ ሁለተኛ መቀየጥ ከባድ ነው። በመጀመሪያው የገበያ ቀን የቆርቆሮ ጥግ ስፖንዳውን ጫረው። ልጅቷ ጭረቱን አሽታ፣ አንቲረስት ነክታ፣ እስኪደርቅ ጠብቃ፣ በቀጭን ብሩሽ ቀለሙን አስከተለች። ጋሼ ደግሞ ወለሉ ላይ ወፍራም ጎማ አነጠፉ፣ ከጋጣው ጎን የውሃ ቱቦ አዘጋጁ፤ በማግስቱ የሚጫኑት በጎች ናቸው።