ድንጋይ የሌለው ፍርስራሽ

ጥንታዊ ከተማን ለመጐብኘት የሚነሣ መንገደኛ አስቀድሞ ዐይኑ የሚፈልገው ድንጋይ ነው። የአክሱምንና የላሊበላን ሥዕል እያየን ያደግን ሁሉ፥ ታሪክ ያለ ሐውልትና ያለ ግንብ የሚኖር አይመስለንም። እኛም በዚሁ ልማድ ተይዘን፥ የምንሠራባትን የሚዛን ተፈሪን ከተማ ለጥቂት ቀን ተሰናብተን፥ የከፋን ነገሥታት መቀመጫ ለማየት ወደ ቦንጋ ባቀናን ጊዜ፥ ያገኘነው ከጠበቅነው የተለየ ሆነ።

ከቦንጋ ወደማይርቀው ወደ አንድራቻ ስንደርስ የታየን ሣር፥ እንሰትና ዛፍ ብቻ ነበር። ከባልደረቦቻችን አንዱ «ፍርስራሹ የት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ይመሩን የነበሩት ሽማግሌ ፈገግ ብለው ዝም አሉ። በማግሥቱ ግን ወደ ቀድሞው የመንግሥቱ ወሰን ወስደው፥ ጎርፍ የቦረቦረው መስሎን ዝም ብለን ልንሻገረው ወደ ነበረው ረዥም ጉድባ እያመለከቱ፥ «ልጆቼ፥ ይህን ውኃ አልቆፈረውም፤ ያያቶቻችን እጅ ነው» አሉን።

በውነቱ የከፋ ሰዎች መንግሥታቸውን የሠሩት ከድንጋይ ሳይሆን ከዕንጨት፥ ከአፈርና ከደን ነው። ንጉሣቸው ታቶ ይባል ነበር፤ ሰባት አማካሪዎችም ነበሩት። አገራቸውን በጉድባና በበር ዘግተው፥ ጥቅጥቁን ጫካ እንደ ቅጥር ይዘው፥ ነፃነታቸውን ለብዙ ዘመን ጠበቁ። በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጠመንጃ የያዘ ብዙ ሠራዊት ይዘው በዘመቱ ጊዜ ስንኳ፥ ከፋ ለብዙ ወራት ተከላከለ። በመጨረሻ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው ወደ ሸዋ ተወሰዱ፤ ዳግመኛም በዙፋናቸው ሳይቀመጡ አረፉ። ቤተ መንግሥቱ ተቃጠለ፤ ሕዝቡም በጦርነት፥ በረኃብና በባሪያ ንግድ ተመናመነ፤ እርሻውንም ዳዋ ወረሰው። ታሪክ የሚያስተምር ሰው ይህን ሊሸፋፍነው አይገባውም። በ1897 ዓ.ም. ወደ አገሩ የገባው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ዩልዩስ ቢበር ከሞት የተረፉትን ሰዎች ቃል ባይጽፍ ኖሮ፥ ዛሬ ከምናውቀው ብዙው በጠፋ ነበር።

በደቡብ አሜሪካ፥ በፔሩ ተራሮች ላይ ያለው ማቹ ፒቹ በ1976 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፥ የተመዘገበው ስለ ግንቡ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ስላለው ተፈጥሮ ጭምር ነው። በእኛ አገር ግን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የከፋን፥ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የሸካን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግብ፥ ብዙዎቻችን ያሰብነው ስለ ዛፉና ስለ ቡናው ብቻ ይመስለናል። ደኑ ራሱ የታሪክ ሰነድ መሆኑን አላስተዋልንም።

ይህን ይበልጥ የተረዳነው ወደ ሚዛን ተመልሰን ወደ ቴፒ በወረድን ጊዜ ነው። ከዚያ ወደ ማሻ በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝ ቡናው፥ ኮረሪማውና ጥምዙ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። የሸካ ሰዎች መጥረቢያ የማያነሡበትን ቅዱስ ደን «ጉዶ»፥ ቤተ ሰብ ቀፎ የሚሰቅልበትን የደን ድርሻ «ኮቦ» ይሉታል። ያለ ጽሑፍ የኖረ ሕግ ማለት ይህ ነው። ጥቅሙም ለአካባቢው ብቻ አልቀረም፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቡና ፍሬ በሽታ የአገራችንን ቡና ባጠቃ ጊዜ፥ የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዘሮችን መርጠው ያገኙት በእነዚሁ የደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ውስጥ ካሉ የቡና ዛፎች ነው።

እንግዲህ ድንጋይ ቢረሳ መልሶ ይቆፈራል። ጉድባ ግን በአንድ ክረምት እርሻ ይደፈናል፤ ዛፍ በአንድ ቀን ይወድቃል፤ ሽማግሌም ቃሉን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የከፋ፥ የሸካና የቤንች ሸኮ መምህራን በዕረፍት ቀን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ቢወጡ፥ ጉድባውን በገመድ ለክተው ርዝመቱን ቢመዘግቡ፥ የበሮቹንም ስም ከአዛውንት አፍ ቢጽፉ፥ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ታላቅ ሥራ ይሆናል። እኛ የያዝነው ደብተር ለመዝናኛ ነበርና፥ የእኒያን ሽማግሌ ቃል ከአንድ ገጽ በላይ አለመጻፋችንን ዛሬ እናዝንበታለን።