ወረራ፦ የሰንጠረዥ ጨዋታ መክፈቻ

በሰንጠረዥ ገበታ ላይ ጨዋታው የሚከፈተው ተራ ሳይጠበቅ ነው። ሁለቱ ባላጋራዎች በአንድ ጊዜ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ እግረኛውን ሲያስገፋ ሌላው ፈረሱን ያወጣል፤ ከሁለቱ አንዱ የሌላውን መጫወቻ እስኪበላ ድረስም የእርምጃ ቁጥር የለም። ይህ የጨዋታው ክፍል «ወረራ» ይባላል።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትግራይን የጎበኘው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ በዚህ ጨዋታ ምን ያህል ይደሰቱ እንደነበር ጽፏል። በጨዋታው ዙሪያ የሚሰማው ጫጫታና የተመልካቹ ጣልቃ ገብነት እንግዳውን ሳያስገርመው አልቀረም። በተራና በጸጥታ መጫወት ለለመደ ሰው ወረራ ሥርዓት አልባ መስሎ ቢታየው አያስደንቅም። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም።

ምክንያቱ ከመጫወቻዎቹ ጠባይ ይመነጫል። ከጥንቱ የፋርስና የዐረብ ጨዋታ የተወረሰው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ ፊል ሁለት ቤት ይዘላል፤ እግረኛም ከአንድ ቤት በላይ አይራመድም። እንዲህ ዘገምተኛ የሆነ ሠራዊት በተራ ቢንቀሳቀስ ውጊያው ሳይነካካ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ዐረቦች ይህን ችግር የፈቱት አስቀድሞ የተዘጋጁ አሰላለፎችን በማጥናት ነበር፤ በ10ኛው መቶ ዓመት የኖረው አስ ሱሊ በዚህ ጥበብ የታወቀ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አውሮፓውያን ፈርዙን ወደ ኃይለኛዋ ንግሥት ለወጡት። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ መጫወቻዎቹን እንደነበሩ ትቶ ተራውን አነሣ።

ተራው ሲነሣ የሚፈተነው ትዝታ ሳይሆን ዓይን ነው። ብልኅ ተጫዋች የራሱን ጦር እያሰለፈ የባላጋራውን እጅ ይከታተላል፤ ያ ወገን ፊሉን ወደ ግራ ካዞረ፣ እርሱ ቀድሞ ያወጣውን ፈረስ መልሶ ሌላ ቦታ ያቆማል። መቻኮል ግን ብቻውን አይጠቅምም። የመጀመሪያው መብላት ወረራውን ይዘጋዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም በተራ ነው፣ የተበላሸ አሰላለፍም እንደልብ አይታረምም። ስለዚህ ከሁሉ የሚከብደው ውሳኔ መቼ መብላት እንደሚገባ ማወቅ ነው፤ አንዲት እግረኛ ለመብላት የቸኮለ ሰው ያልተሰናዳ ጦሩን ይዞ ይቀራል።

ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 የጨዋታውን ታሪክና ሕግ አጥንቶ ሲያሳትም ሰንጠረዥ ከመኳንንቱ አዳራሽ ጠፍቶ ነበር። ሕጉ በዚህ መልክ ተርፏል። የወረራው ስልት ግን ለመመዝገብ አይመችም፤ የዛሬ ቼዝ ተጫዋች እያንዳንዱን እርምጃ በተራው ቁጥር ሰጥቶ ይጽፋል፤ ሁለት እጆች አብረው የሚያንቀሳቅሱትንና መልሰው የሚያነሡትን በየትኛው ቁጥር ይጽፈዋል? ያን ጥበብ ያስተላልፍ የነበረው ገበታውን ከብቦ እየጮኸ ምክር የሚሰጠው ተመልካች ነበር።