ግማሽ ዓመት ሜዳ፣ ግማሽ ዓመት ሐይቅ

የጋምቤላን ሜዳ በየካቲት ፎቶ ያነሳ ሰው የተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር፣ የተቃጠለ ሣርና ራቅ ራቅ ብለው የቆሙ ዛፎች ይዞ ይመለሳል። በነሐሴ እዚያው ቦታ ቢመለስ የሚጠብቀው ውሃ ነው። ሁለቱም ፎቶዎች እውነተኛ ናቸው። ጣጣው የሚመጣው አንዱን ብቻ ያየ ሰው ሲወስን ነው፤ ያለፉት 120 ዓመታት የጋምቤላ ታሪክም በብዙ መልኩ የእንዲህ ዓይነት ውሳኔዎች ታሪክ ነው።

ደገኛ ሐይቅ ሲባል ወደ አእምሮው የሚመጣው ጣና ወይም ሐዋሳ ነው፤ ዳርቻው የታወቀ፣ ከርሞም እዚያው የሚገኝ። ጋምቤላም እንደ ጎግ ወረዳው ታታ ያለ ስም ያወጣ ሐይቅ አላት። አብዛኛው ውሃዋ ግን መጥቶ የሚሄድ ነው። ባሮ የሚነሳው ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው የኢሉባቦር ደጋ ሲሆን ጋምቤላ ከተማ ያለችው 500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ደጋው ሲዘንብ ወንዙ ቁልቁል ይወርዳል፤ ለጥ ያለው ሜዳ ላይ ሲደርስ መሄጃ ያጥረውና ከዳርቻው ወጥቶ ይተኛል። ጊሎና አኮቦም እንዲሁ ያደርጋሉ።

ይህን መጀመሪያ በእግራቸው የተማሩት ወታደሮች ናቸው። በ1890 ዓ.ም. የደጃዝማች ተሰማ ናደው ጦር ነጭ ዓባይን ለመያዝ በባሮና በሶባት በኩል ወረደ። በሰኔ ከጦሩ የተነጠለ ጓድ፣ የሩሲያው ኮሎኔል አርታሞኖቭ አብሮት እያለ፣ ነጭ ዓባይ ደረሰ። ሆኖም ወባውና ረግረጉ አላስቀመጠውምና ተመለሰ። በታኅሣሥ 1891 ደግሞ ፋሾዳን የለቀቀው የፈረንሳዩ ማርሻን ቡድን በዚያው ውሃ ሽቅብ መጣ። ባሮ ላይ ጀልባው መሄድ ሲያቅተው ትቶት በእግሩ ወደ ጎሬ ወጣ።

ከዚያ ቀያሾች መጡ። የእንግሊዞቹ ሻለቃ ኦስቲን በሶባትና በባሮ ያደረገውን ጉዞ ከጻፈ በኋላ ለመጽሐፉ የሰጠው ርእስ በ«ረግረጎች» የሚጀምር ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ድንበሩ በዚህ በኩል ባሮን፣ ፒቦርንና አኮቦን ተከተለ። ወረቀት ላይ ወንዝ ጥሩ ድንበር ነው። ከወንዙ ግራና ቀኝ ለሚኖሩት ኑዌርና አኝዋክ ግን መንገድና ማሳ ነው። ውሉ በዚያው ለሱዳን መንግሥት ከባሮ ዳር 400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ ፈቀደ። የዛሬዋ ጋምቤላ ከተማ ከዚህ ጣቢያ አደገች። ጣቢያው ራሱ የወቅቱ አገልጋይ ነበር፤ ከካርቱም የሚመጣው መርከብ ቡና ለመጫን የሚደርሰው ባሮ በሞላባቸው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የውሉ ዘመን አበቃ።

የአካባቢውን ሁለት መልክ በቅጡ ያየው እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ ፕሪቻርድ ነው። በ1930ዎቹ እ.አ.አ. ከኑዌሮች ጋር ተጓዘ፤ በ1935 ወደ አኝዋኮች ሄደ። ያነሳቸው ፎቶዎች ዛሬ ኦክስፎርድ፣ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛሉ። በ1940 እ.አ.አ. ያሳተመው የኑዌሮች መጽሐፍ እንደሚያስረዳው ሕዝቡ ዓመቱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ዝናቡ «ቶት»፣ በጋው «ማይ» ይባላል። ግእዝ ለሚያውቅ ሰው ያስገርማል፤ ግእዝ ውሃን የሚጠራበት ድምፅ እዚያ የድርቁ ወቅት ስም ነው። በቶት ሰውና ከብት ከፍ ወዳለው መንደር ይወጣሉ፤ በማይ ወደ ወንዙ ሣር ይወርዳሉ። አኝዋክ ደግሞ ውሃው ሲሸሽ በተወው እርጥብ አፈር ላይ በቆሎና ማሽላ ይዘራል። ስለዚህ በየካቲት ፎቶ «ባዶ» የሚመስለው መሬት ባለቤት ያለው፣ ተራውን የሚጠብቅ መሬት ነው።

ይህ ሁሉ ተጽፎ እያለ ነው በ2003 ዓ.ም. ለሕንዱ ካሩቱሪ ኩባንያ በኢታንግና በጂካዎ 100,000 ሄክታር መሬት በሊዝ የተሰጠው። መሬቱ «ያልለማ» ተብሎ ነበር። በዓመቱ ባሮ ሞልቶ የኩባንያውን በቆሎ ዋጠ። ዜናው «የተፈጥሮ አደጋ» አለው፤ ለአካባቢው ሰው ግን ውሃው በየዓመቱ የሚተኛበት ቦታ ነው የተኛው። ውሉ በ2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ካርታው ላይ የሌለውን ሐይቅ አንድ የመንደር ሽማግሌ በእጁ ጠቁሞ ሊያሳይ ይችል ነበር።

ዛሬ ካሜራው ሰማይ ላይ ወጥቷል። በ2023 እ.አ.አ. በደቡብ ሱዳን በኩል የተደረገ የአውሮፕላን ቆጠራ በብዙ መቶ ሺህ ፎቶዎች ታግዞ ስድስት ሚሊዮን ገደማ የሚሰደዱ የድኩላ ዘመዶች እንዳሉ ገምቷል። አብዛኞቹ ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች ሲሆኑ ከእነሱ የሚበዙት ባይሆኑም በወቅቱ ወደ ጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ የሚሻገሩ አሉ። እነሱም የሚከተሉት ውሃውንና ሣሩን ነው እንጂ የ1894ቱን ውል አይደለም።

ከላይ የሚነሳ ፎቶ ጠቃሚ ነው፤ ያለ ወሩ ግን ግማሽ ማስረጃ ነው። የእርሻ፣ የሰፈራ ወይም የፓርክ ወሰን የሚፈርም ባለሥልጣን ከመፈረሙ በፊት ሁለት ጊዜ ይሂድ፤ አንዴ በየካቲት በእግሩ፣ አንዴ በነሐሴ በታንኳ።